ዲስክ በወንፈል፦ ፋይሉ አልደርስ ሲል ወይም ጠፍቶ ሲገኝ

ሠርግ የምንቀርጽ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዷ ደብረ ሲና፣ እኔ መሐል ሜዳ። ሰርቨር መከራየት ስለከበደን ዲስካችንን በወንፈል ያዝነው። የእያንዳንዳችን ሥራ በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። የምንጠቀመው ሲንክቲንግ የሚባለውን፣ ፋይሎችን በኢንተርኔት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚያመሳስል ነፃ ፕሮግራም ነው። ያጋጠመንን ከነመፍትሄው ልንገራችሁ።

ኮምፒውተሮቹ አይገናኙም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ አይደለም። የደብረ ሲናው ሲበራ የእኔ ጠፍቶ ነው። ፋይሉን መሀል ላይ ተቀብሎ የሚያቆይ ሰርቨር የለም፤ ሁለቱ አብረው ካልበሩ ምንም አይተላለፍም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁላችንም ልንከፍት ተስማማን። መብራት ግን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይሄዳል። የተቃለለልን የደብረ ብርሃኑን ቀንም ሌሊትም ክፍት ስንተወው ነው። እኔ ማታ የላክሁትን ተቀብሎ ጠዋት ለደብረ ሲና ያደርሳል።

አብረው በርተውም ካልተገናኙ ፋየርዎሉን (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደውን የኮምፒውተሩን ጥበቃ) እዩ፤ ፖርት 22000፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚገናኝበት በር፣ መከፈት አለበት። ተገናኝተው በጣም ከተንቀራፈፉ ደግሞ ምናልባት በሪሌይ (ፋይሉን ሳያስቀምጥ በሚያሻግር ሌላ ሰርቨር) በኩል እየዞሩ ነው። ያኔ ይህንኑ ፖርት ራውተሩም ላይ ክፈቱ።

አንዱ ጋ የጠፋ ሁሉም ጋ ጠፋ

ይሄኛው ልብ ይሰብራል። የደብረ ሲናዋ ጓደኛችን ቦታ ለማስለቀቅ ብላ አንድ ሙሉ የጥር ሠርግ አጠፋች። «አይዞሽ፣ እኛ ጋ አለ» አልናት። ስናይ እኛም ጋ የለም። ሙሽሮቹ ገና ቪዲዮአቸውን አልተረከቡም ነበር። ከካሜራው ሜሞሪ ያተረፍነው ግማሹን ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ የሚያመሳስለው ፋይሉን ብቻ አይደለም፤ መጥፋቱንም ያመሳስላል። ስለዚህ ፎልደሩ ላይ «ፋይል ቨርዥኒንግ» የሚለውን አብሩ። ከሌላ ማሽን በመጣ ለውጥ የሚጠፋው ፋይል ያኔ ለብቻው ይቀመጣል። ልብ በሉ፦ በእጃችሁ ያጠፋችሁትን የራሳችሁ ኮምፒውተር አያስቀርላችሁም። የሚያስቀርላችሁ የጓደኛችሁ ነው። በሁሉም ላይ ይብራ። እኛ በየወሩ ኤክስተርናል ዲስክ ላይም ገልብጠን እንነቅለዋለን።

«ሲንክ-ኮንፍሊክት» የሚል ፋይል መጣ

ሁለት ሰው ሳይገናኝ አንድ ፋይል ነክቷል። ሁለቱንም ከፍታችሁ ሳታዩ አታጥፉ። ፕሮግራሙ በዚህ ስም የሚያስቀምጠው በሰዓቱ አሮጌ የመሰለውን ነው፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ደግሞ አዲሱን ሥራ አሮጌ ያስመስለዋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ከተዛባ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ።

ትልቁ ቪዲዮ ብቻ አልገባ አለ

ዲስኩ ፎርማት የተደረገው በፋት32 (በቆየው የፋይል አቀማመጥ ስልት) ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ስለሚጠፋ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጡና በኤንቲኤፍኤስ (ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው ስልት) ፎርማት አድርጉት።