መስሚያ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

አባባ ኮምቦልቻ ውስጥ ለረጅም ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ከ85 ዲሲቤል በላይ በሆነ ጩኸት ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መዋል ጆሮን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳ ያኔ የነገረን አልነበረም። በኋላ "ቡናው ፈላ" ስንላቸው "ማን በላ?" ይሉን ጀመር። መስሚያ ልንገዛላቸው ስንነሣ ብዙ ተሳሳትን። በደሴም በኮምቦልቻም ሌላው ቤተሰብ ያንኑ እንዳይደግመው ልንገራችሁ።

ጆሮን ሳያሳዩ ወደ ሱቅ መሮጥ

የጆሮ ኩክ ሲጠራቀም ብቻውን መስማት ይከለክላል። ሐኪም ሲያወጣው ነገሩ በዚያው ሊያበቃ ይችላል። ጆሮው የሚመግል ሰውም መጀመሪያ መታከም አለበት።

አንዱን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እስከ ትናንት ደህና ሲሰማ የነበረ ጆሮ ዛሬ በድንገት ከደነዘዘ፣ የመስሚያ ጉዳይ ይቆየና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሕክምናው የበለጠ ተስፋ ያለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። "የደሴ ብርድ ነው፣ ይለቀዋል" እያልን አንቆይ።

ማጉያን መስሚያ ብሎ መግዛት

ወንድሜ ፒያሳ ካለ ሱቅ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚውል ዕቃ ገዝቶ መጣ። ርካሽ ነበር። መልኩም ቁርጥ መስሚያ። አባባ አንድ ቀን አድርገው አወለቁት። "ባጃጁ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ፤ የምትሉት ግን አሁንም አይለየኝም" አሉን።

ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባን። በዕድሜና በጩኸት የሚመጣ ጉዳት ሁሉንም ድምፅ እኩል አይወስድም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ የሕፃናት ድምፅ። ወፍራሞቹ ደህና ይሰማሉ። ለዚህ ነው "ፈላ" የተባለው "በላ" የሚሆነው። ወንድሜ የገዛው ማጉያ ነበር፤ ማጉያ ደግሞ ይህን አይለይም፤ የጎደለውንም ያልጎደለውንም አብሮ ያጮኸዋል። መስሚያ ግን በመስማት ምርመራ ውጤት መሠረት የጎደለውን እንዲጨምር በባለሙያ ይስተካከላል። ድምፅ ከልክ እንዳያልፍም ጣሪያ ይበጅለታል።

ስለዚህ ሻጩን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት "በምርመራው ወረቀት መሠረት ማን ያስተካክልልኛል?" በሉት። መልስ ከሌለው እዚያው ተዉት። ማጉያ ጭራሽ አይረባም ማለቴ አይደለም። ችግሩ ቀላል መሆኑ በምርመራ ለታወቀ ሰው ቴሌቪዥን ለማየት ሊበቃው ይችላል።

እንዳይታይ ብሎ ትንሹን መምረጥ

ጆሮ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ለዓይን ያምራል። ጉልበቱ ግን ውስን ነው፤ ኩክም ቶሎ ይደፍነዋል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከጆሮ ጀርባ የሚውለው ይሻላል። የጣትንም ነገር አስቡ። ለትንንሾቹ መስሚያዎች የሚሆነው ቁጥር 10 ባትሪ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ እናት እንዴት ይቀይሩታል? የትልልቆቹ ቁጥር 675 ባትሪ እጥፍ ያህል ይሰፋል።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው መሰኪያ በልክ ካልተሠራ መስሚያው ያፏጫል። ልጅ ሲያድግ ጆሮውም ስለሚያድግ መሰኪያው በየጊዜው መቀየር አለበት። የታላቁን ለታናሹ ማውረስ አይሆንም።

ሁለቱም ጆሮ ተጎድቶ ለአንዱ ብቻ መግዛት

ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ድምፅ ከየት እንደመጣ የምንለየው በሁለቱ ጆሮ ነው። መንገድ ለሚሻገር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመብራትና የእርጥበትን ነገር መርሳት

በቻርጅ የሚሠራው ምቹ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሳይሞላ ያድራል። ፓወር ባንክ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። የሚጣለው ባትሪ ልጣፉ ሲነሣ አየር እየሳበ መሥራት ይጀምራል። ልጣፉን መልሶ መለጠፍ አያቆየውም፤ ተራው ያልደረሰውን ባትሪ አትክፈቱ።

ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ማታ የባትሪውን በር ከፍታችሁ፣ መስሚያውን እርጥበት ከሚመጥጡ ከረጢቶች ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አሳድሩት።

በሳምንት ተስፋ መቁረጥ

በመጨረሻ ምርመራ ተደርጎ ትክክለኛው መስሚያ ሲገዛም አባባ መጀመሪያ ደነገጡ። የቧንቧው ውሃ፣ የሳህኑ ኳኳታ፣ የራሳቸው ድምፅ እንኳ እንግዳ ሆነባቸው። ለዓመታት ያልሰማ አእምሮ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጅበታል። በቀን 2 ሰዓት ያህል፣ ጸጥ ባለ ቤት ጀመርን። ለማስተካከልም ሁለት ጊዜ ተመለስን። አሁን ቡና ሲፈላ ቴሌቪዥኑን ዘግተን ፊት ለፊታቸው ነው የምንቀመጠው።