ፍላሻችሁ ከኮፒ ቤት ቫይረስ ይዞ ሲመለስ

ሲቪ ልታሳትሙ ኮፒ ቤት ገባችሁ። ፍላሹ ተሰካ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ከፍላችሁ ሄዳችሁ። ቤት ገብታችሁ ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቻችሁ የሉም፤ በምትካቸው ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ተደርድረዋል። አንዳንዴ ደግሞ ያለው በፍላሹ ስም የተሰየመ አንድ ሾርትከት ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ወይ ሾርትከቱን ደጋግሞ ይጫነዋል፣ ወይ «በቃ ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ሁለቱንም ተዉት። ፋይላችሁ አልጠፋም፣ ተደብቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍላሹ ላይ የገባው ፕሮግራም እውነተኛ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት መጀመሪያ ያ ፕሮግራም ይነሳል፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ፎልደር ይከፍትላችኋል፤ ስለዚህ ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አይመስላችሁም። ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ በራሱ የሚነሳ ፕሮግራም ነበር። ማይክሮሶፍት ይሄን ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ዘጋው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታም ዘጋው። አሁን የእናንተ ጣት ያስፈልጋቸዋል።

ፋይላችሁን የማውጫው መንገድ ይኸው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና በዲፌንደር (ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ) ስካን የሚለውን ምረጡ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ካላያችሁት «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ውስጥ አለ። ስካኑ ሲያልቅ ከላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ። አሁንም ፋይሉ ካልታየ «ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሱት፤ ዊንዶውስ ያስጠነቅቃችኋል፣ እሺ በሉት፣ ስትጨርሱ ትመልሱታላችሁ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ስም የሌለው አንድ ፎልደር ነው፣ ሁሉም ፋይላችሁ እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቋል። የምታውቁትን ዶክመንትና ፎቶ ብቻ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ የማታውቁትን ተዉት። ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

እግረ መንገዳችሁን የፋይል ኤክስቴንሽን (ከፋይሉ ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለው፣ ዓይነቱን የሚናገረው) እንዲታይ አድርጉ፣ እሱም «ቪው» ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ሲመጣ ስለሚደብቀው «ሲቪ.ፒዲኤፍ» ብሎ የሚታያችሁ ፋይል መጨረሻው «ኢኤክስኢ» ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ሲቪ ሳይሆን ፕሮግራም ነው።

እኛ ሁሉንም «ቫይረስ» እንላለን፣ ችግር የለውም። ጥቅል ስማቸው ማልዌር ነው። የሚለያቸው በምን በኩል እንደሚገቡና ምን እንደሚያደርጉ ነው፣ እሱን ማወቅ ደግሞ ምን መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ቫይረስ ሌላ ፋይል ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። ዎርም ማንንም ሳይጠብቅ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን ያባዛል። ትሮጃን ጠቃሚ ነገር መስሎ በገዛ እጃችሁ ይጫናል። ራንሰምዌር ደግሞ ፋይላችሁን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የተነሳው ዋናክራይ ዎርምም ራንሰምዌርም ነበር። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከማሰረዝ ደርሷል፣ ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። የሚያናድደው፣ ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ከሁለት ወር በፊት በማርች ለቆ ነበር። ስለዚህ «አንቲቫይረስ አለኝ» ብሎ የዊንዶውስ አፕዴት መዝጋት አይሠራም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ማሽናችሁ 11ን የሚችል ከሆነ ቀይሩ።

አንቲቫይረስ መግዛት አለብኝ ወይ? ለተራ ተጠቃሚ፣ በኔ አስተያየት፣ የለባችሁም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አብሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ በደንብም ይሠራል። ሌላ ከጫናችሁ እሱ ዞር ይልለታል። ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ መደራረብ ግን ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፈዋል፤ ዘበኞቹ እርስ በርስ ሲፈታተሹ ሌባው ይገባል። ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት መጥቶ ጊዜው ያለፈበት የሙከራ አንቲቫይረስ ካለ አጥፉት፣ ከዚያ ዲፌንደር መመለሱን እዩ።

የሚታየው «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ነው፣ ስታርት ላይ ፈልጉት። መጀመሪያ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን እዩ፤ ፋይል ሲከፈት እዚያው የሚፈትሸው እሱ ነው። ቀጥሎ አፕዴቱ መቼ እንደገባ እዩ። አንቲቫይረስ ብዙውን የሚይዘው አስቀድሞ በሚያውቀው ምልክት ስለሆነ፣ ወር ሙሉ አፕዴት ያላገኘ ከሆነ አዳዲሱን የመሳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው መላ አለ፦ የዲፌንደርን አፕዴት ብቻ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ በንጹሕ ፍላሽ ወስዳችሁ መጫን ትችላላችሁ። ዊንዶውሳችሁ 64 ቢት ይሁን 32 ቢት አይታችሁ ብቻ አውርዱ።

ከስካኖቹ «ኩዊክ» ለዘወትር ይበቃል። «ፉል» ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ ልቀቁት። ተጠርጎ ደግሞ ተመልሶ ለሚመጣ ነገር «ኦፍላይን ስካን» አለ፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ የከፈታችሁትን ሥራ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። የተያዘ ፋይል ኳራንቲን ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ሆኖ ማንንም አይነካም። ምን እንደሆነ ሳታውቁ «አላው» (ይፈቀድ) አትበሉ።

አሁን ወደ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ወደተሰበረ ሶፍትዌር። ቴሌግራም ላይ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉት፣ ከዚያ ጫኑ» የሚል መመሪያ ያለው ሶፍትዌር ሞልቷል። አንቲቫይረስ አንዳንዴ ንጹሑንም ፋይል በስህተት ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ክራኩን ለሚለቀው ሰው ግን እሱ ጥሩ ሰበብ ሆኖለታል። ራንሰምዌር ቤት ውስጥ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው፤ ለዲዛይን ፕሮግራም ብላችሁ የሠርግ ፎቶ ታስበላላችሁ። ከተጠራጠራችሁ ፋይሉን የጉግል ንብረት በሆነው ቫይረስቶታል ላይ ስቀሉት፣ በደርዘን በሚቆጠሩ አንቲቫይረሶች በነፃ ያስፈትሽላችኋል። የግል ዶክመንት ግን እዚያ አትስቀሉ፣ የተሰቀለውን ሌሎች ሊያዩት ይችላሉ። ዋና ዋና ፋይላችሁን ደግሞ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ሃርድ ዲስኩን ነቅላችሁ አስቀምጡት፤ ተሰክቶ ከዋለ እሱም አብሮ ይቆለፋል።

ብራውዘር ላይ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ማጭበርበር ነው፣ ታቡን ዝጉት። አሜሪካ ያላችሁ ለእናት አባቶቻችሁ ይሄን ንገሯቸው፤ «ከማይክሮሶፍት ነው» ብሎ የሚደውል ሰው መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ጊፍት ካርድ ነው።

ለኅትመት ደግሞ፣ ከተቻለ ፍላሽ ይዛችሁ አትሂዱ። ፒዲኤፉን ለኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ላኩላቸው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን የቴሌግራም አካውንት ከፍታችሁ ከሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍታችሁ ያንን ኮምፒውተር አስወጡት።