በሥራ ላይ ማሽን ጉዳት ሲያደርስ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

የቡና መፈልፈያ፣ የጣውላ መሰንጠቂያ፣ ወፍጮ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽኖች። ጅማ ውስጥ እጅ የሚበላ ማሽን ሞልቷል። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ተጎጂው አልጋ ላይ ስለሆነ የሚሯሯጠው ወንድም፣ እህት ወይም የትዳር ጓደኛ ነው። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገሩን ያወቅኩት የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ይዤ ስንከራተት ነው።

ቅድሚያ ሕክምና። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጉዳቱ በሥራ ላይ፣ በማሽን የደረሰ መሆኑን እንዲጽፍ ንገሩት። ወደ ሕክምና ማድረስ የአሠሪው ግዴታ ነው። የቀዶ ሕክምናው፣ የመድኃኒቱና ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ በእሱ ነው። ከኪሳችሁ ካወጣችሁ ደረሰኙን አትጣሉ።

ቀጥሎ ማሽኑ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ማሽን ቶሎ ይጠገናል። የእኛው ልጅ እጁን የያዘው ቺንጋ (የማሽኑ ቀበቶ) መከለያ አልነበረውም። በነጋታው ስሄድ መከለያ ተገጥሞለታል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። የፈረቃ ጓደኛው ቀደም ብሎ ያነሳው ፎቶ ባይኖር ኖሮ አለቀልን። ስለዚህ በዕለቱ ድርጅቱ ውስጥ ያለ ሰው ፎቶና ቪዲዮ ያንሳ። እጁ የተያዘበትን ቦታ፣ የጎደለውን መከለያ፣ የድንገተኛ ማቆሚያው ቁልፍ መሥራት አለመሥራቱን። ማሽኑ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሰሌዳም እንዳትረሳ፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉና የተሠራበት ዓመት እሷ ላይ ነው። "ይሄ ማሽን ችግር አለበት" ብሎ ለአለቃ የተላከ የቴሌግራም መልእክት ካለ ደግሞ ከአስር ምስክር ይሻላል። እንዳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጉት።

እግረ መንገዳችሁን ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገቡ። ብዙ ሰው አሁንም ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ነው የሚለው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ቦታው ድረስ ሄዶ እንዲያይ ጠይቁ። ገለልተኛ ሰው የጻፈው ሪፖርት ፍርድ ቤት ሲደርስ ክብደት አለው። ማመልከቻውን በቃል ብቻ አትተዉት፤ ኮፒው ላይ ማኅተም አስደርጉ።

አሁን ወደ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ማሽኑ ብልሹ መሆኑን ማስረዳት እንኳ አይጠበቅባችሁም። ውል በጽሑፍ አለመኖሩም መብት አያሳጣም። የቀን ሠራተኛ ነው ቢሏችሁ አትደንግጡ።

አሠሪው የሚያመልጥባት ቀዳዳ ግን አለች። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ጠጥቶ ከመጣ ካሳው ይቀራል። ስለዚህ የድርጅቱን የአደጋ ሪፖርት ቃል በቃል አንብቡ። የእኛው ላይ "መመሪያ ጥሶ" የሚል ሐረግ ገብቶ ነበር። የቱ መመሪያ? መቼ ተሰጠ? የት ፈረመ? መልስ አልነበረም። ተራ የጥንቃቄ ጉድለት ሆን ብሎ ራስን ከመጉዳት ጋር አንድ አይደለም። ተጎጂው በሕመም ላይ እያለ አንድም ወረቀት እንዳይፈርም። በተለይ "ምንም ጥያቄ የለኝም" የምትለዋን።

ሥራ ላይ መዋል በማይችልበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ቋሚ ጉዳት ካለ መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ቦርዱ ሳይወስን በገንዘብ መደራደር ኪሳራ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጡረታም ኢንሹራንስም ለሌለው ሠራተኛ፣ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማያስችል ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል። ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ይቀነሳል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው በ5 ዓመት 360,000 ብር ነው። ቦርዱ 30 በመቶ ካለ 108,000 ብር ይደርሰዋል። ፔሮሉ ላይ 7 በመቶ ለጡረታ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ክፍያው የሚታየው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ነው።

ያ ሁሉ የማሽን ፎቶ ታዲያ ለምን? ለሁለተኛው በር። አሠሪው ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ መከለያ እንደሌለው እያወቀ ካሠራ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጨማሪ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። በዚያው ሕግ አንቀጽ 2085 አምራቹም ምርቱ በተለመደ አጠቃቀም ላይ እያለ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ግን ነፃ ይወጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካን ከጅማ ሆኖ መክሰስ ልፋት ብቻ ነው። ማሽኑን የሠራው እዚሁ ያለ ወርክሾፕ ከሆነ ግን ይሞከራል።

በአዋጁ የሚጠየቀው ካሳ የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት በሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት (የፍርድ ቤት) ክፍያ አይከፍልም፤ አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ያዛል። ኦሮሚያ ውስጥ ክርክሩ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን በዚያው አስጽፉ። ጠበቃ ማቆም ካልቻላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ደላላ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያ ሂዱ።

ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ግን ካሌንደር ላይ ምልክት አድርጉ። በአዋጁ ለሚቀርበው 1 ዓመት፣ ለፍትሐ ብሔሩ ካሳ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። አሠሪው "እንነጋገራለን፣ ታገሱ" እያለ ቢያቆያችሁም ቀኑ ይቆጠራል።