ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ከቀድሞ ባለቤቱ ቁልፍ መላቀቁን እንዴት ያረጋግጣሉ?

ከዱባይና ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ከሚገቡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ቀድሞ የድርጅት ንብረት ነበሩ፤ ዴል ላቲትዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው። ችግሩ አንዳንዶቹ ከድርጅቱ መዝገብ ሳይሰረዙ መምጣታቸው ነው። ሻጩ «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ቢል አያሳምንዎት፤ ፎርማት የሚያጠፋው ዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ቁልፉ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ወይም እንደ ማይክሮሶፍትና አፕል ባሉ ኩባንያዎች ሰርቨር ላይ ነው።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ዳታ ያለው ስልክና የዊንዶውስ መጫኛ ያለበት ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይያዙ።

1. ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የላፕቶፑን መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ይክፈቱ። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1 ደጋግመው ይጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ ዕቃውን ይተውት። ሳይጠይቅ ቢከፈትም ገና አልጨረሱም፤ የቡት ቅደም ተከተሉን (ላፕቶፑ መጀመሪያ ከዲስክ ወይስ ከፍላሽ እንደሚነሳ የሚወስነውን) ለመቀየር ይሞክሩ። ምርጫዎቹ ደብዝዘው አልነካ ካሉ፣ ገብተው የሚያዩት እንጂ የሚያዙበት ባዮስ አይደለም፤ ፓስወርድ አለው ማለት ነው። የቲንክፓድ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ከጠፋ ሌኖቮ ራሱ የሚያቀርበው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ባትሪ ነቅሎ መመለስ ለድሮ ዴስክቶፕ ይሠራ ነበር፤ እዚህ ፓስወርዱ የተቀመጠው ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ቺፕ ላይ ነው።

2. እዚያው ሴኩሪቲ የሚለው ገጽ ላይ «አብሶሉት» ወይም «ኮምፒውትሬስ» የሚል ይፈልጉ። ይህ የጠፋ ላፕቶፕ መከታተያ ነው። «ዲሴብልድ» ካለ ደህና ነው። «አክቲቬትድ» ካለ ግን አይግዙ፤ ዲስክ ቢቀይሩ እንኳ ባዮሱ ፕሮግራሙን ዊንዶውስ ላይ መልሶ ይጭነዋል፣ የተመዘገበበት ድርጅትም ማሽኑን ከሩቅ ሊቆልፈው ይችላል።

3. ዊንዶውስን ኢንተርኔት አገናኝተው እንደ አዲስ ያስጀምሩ። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን ማይክሮሶፍት ዘንድ «አውቶፓይለት» በተባለው አገልግሎት ያስመዘግባሉ። ኢንተርኔት ሳይገናኝ የተጫነ ዊንዶውስ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይከፈታል፤ በሚቀጥለው ሪሴት ጊዜ ግን የድርጅቱ ስም ብቅ ብሎ የሥራ ኢሜይል ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅደው (ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል) ከፍላሹ ያስነሱ፤ የቡት ምርጫው ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ሲጫን የዊንዶውሱ ዓይነት «ፕሮ» መሆኑን ይመልከቱ፤ አውቶፓይለት «ሆም» በተባለው ዓይነት ላይ ስለማይሠራ፣ ሆም ከሆነ ምርመራው ዋጋ ያጣል። መጫኑ ሲያልቅ የስልክዎን ሆትስፖት ያገናኙ። ተራ የማይክሮሶፍት አካውንት ከጠየቀ ላፕቶፑ ከድርጅት ምዝገባ ነፃ ነው። የድርጅት ስም ካመጣ ግን ሊሰርዘው የሚችለው ያስመዘገበው ድርጅት ወይም ማይክሮሶፍት ነው። «እኛ እንፈታዋለን» የሚሉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት ኢንተርኔት ነቅሎ ማለፍ ብቻ ነው።

4. ማክቡክ ከሆነ አፕል ምልክቱ ሥር ሲስተም ሪፖርት ከፍተው ሃርድዌር የሚለው ውስጥ «አክቲቬሽን ሎክ» (ማክቡኩን ከቀድሞ ባለቤቱ አካውንት ጋር የሚያስረው ቁልፍ) ዲሴብልድ መሆኑን ይዩ። ይህ ቁልፍ የሚሠራው ቲ2 የተባለው የአፕል የደህንነት ቺፕ ባላቸውና ኤም1 እና ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ ነው። ከዚያ ማክቡኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሰው ዋይፋይ ሲያገናኙ «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ የድርጅት ነው።

5. ከቁልፉ ጋር ባይያያዝም፣ ዴል ሲገዙ ቻርጀሩን ሰክተው ያስነሱት። የዴል ክብ ቻርጀር መሐል ያለችው ቀጭን ፒን ማንነቱን ለላፕቶፑ ትናገራለች። ፒኗ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ የዴል ካልሆነ «የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሌላ ኦሪጅናል ቻርጀር ሞክረው ያው ከሆነ ችግሩ ሶኬቱ ወይም ቦርዱ ላይ ነው።

6. ደረሰኙ ላይ ሲሪያል ቁጥሩን ያስጽፉ። አጠገቡ «ከባዮስ ፓስወርድና ከድርጅት ምዝገባ ነፃ» የሚል ይጨመርበት። አልጽፍም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ከላይ ያሉትን ምርመራዎች ሱቅ ውስጥ ጊዜ ካጡ፣ ቤት በገቡ ዕለት ይጨርሷቸው።