ፉከራው ለጀግናው፣ ትዝታው ለክፉው፦ ሚና የሚያገለባብጥ አስቂኝ የሱፐርሂሮ ሙዚቃዊ ድራማ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የጻፍነው የመጀመሪያው ድርሰት ከሽፎብናል። ጀግናውን ሌባ፣ ክፉውን ቅዱስ አደረግናቸውና ተመልካቹ ገና ከመጀመሪያው ነቃብን፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። በሁለተኛው ሙከራ ጀግናው ጀግና፣ ክፉውም ክፉ እየተባሉ ቀጠሉ፤ ወገን የለወጠው ተመልካቹ ራሱ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ስምና ልብስ። ለሱፐርሂሮ ስም ሩቅ አትሂዱ፤ የፈረስ ስም አለን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ የጎጃሙ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ይባሉ የለ? የእኛው «አባ መብረቅ» ተባለ። ከጮቄ ተራራ በርሮ ይመጣል፣ የሚለብሰውም ከሙሽራ የተዋስነውን ባለ ጥልፍ ካባ ነው። ክፉው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፦ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ያረጀ ጋቢ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት። የፈረስ ስም የለውም፤ ፈረስስ መች አለውና!

ለክፉው ትንሽ ምኞት ስጡት። ዓለምን መግዛት የሚፈልግ ሰው አያሳዝንም። የእኛው ከተማዋን ማጨለም የፈለገው ጤፍ ልታስፈጭ የምትመጣውን ልጅ በጨለማ ቤቷ ድረስ ለመሸኘት ነው። ከወፍጮው ሞተር ማሽን ይሠራል፣ ማጥፊያውን ይጫናል፣ ከተማው ድርግም ይላል፣ እሱም የክፋት ሳቁን ይለቀዋል። ጎረቤቶች «መብራት ሄደ» ብለው ሻማ ይለኩሳሉ። አለቀ። እዚህ ላይ ተዋናዩ እንዳይቸኩል፤ እጁን ማሽኑ ላይ እንዳደረገ ዝም ይበልና ቆይቶ «እኔ ነኝ እኮ!» ይበል። ማንም አይሰማውም።

ዜማውን አከፋፍሉ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጀግናው ፉከራ ያሰማ፤ ፍየል ቦይ ውስጥ ገብታ ስትጮህ ደርሶ «ዘራፍ!» ይበል፣ ዘሩን ይቁጠር፣ ጉልበቱን ያወድስ። ፉከራው ይርዘም፤ ከሚገባው በላይ ይርዘም። ፍየሏ አሁንም ቦይ ውስጥ ናት። በሁለት ስንኝ መሐል ክፉው ቀስ ብሎ ገብቶ ያወጣታል፣ ጭቃዋን በጋቢው ይጠርጋል፣ ይወጣል። ጀግናው ዞር ሲል ፍየሏን ደረቅ መሬት ላይ ያገኛታልና ፉከራውን እንደገና ይጀምራል።

ለክፉው ትዝታ ስጡት፣ ብቻውን፣ ከአንድ ማሲንቆ ጋር። አንቺ ሆዬን ሞክረን ነበር፣ ሠርግ ቤት መሰለብን። በትዝታ ያንጎራጎረን ሰው ግን ተመልካች መጥላት ያቅተዋል፤ ምን ቢያጠፋ «ተዉት፣ ሆድ ብሶት ነው» ይላል።

አዝማሪውን አትርሱ። የዋሸራና የዲማ የቅኔ ቤቶች አገር ሰው ፊት ደረቅ ግጥም ይዞ መቅረብ ድፍረት ነው። አዝማሪው ጀግናውን በሰሙ ያወድስ፣ በወርቁ ይውጋው፦

እልል በሉ ሰዎች ላገሩ መከታ፣
ሰው አዳኙ መጣ ዛሬም በዚህ ማታ።

ሰው የሚያድን መጣ ነው፤ ሰው የሚያድነው፣ እንደ አውሬ የሚያሳድደው፣ መጣም ነው። ማላላትና ማጥበቁን ለአዝማሪው ተዉለት። ጀግናው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለት፤ ወርቁ የገባው ተመልካች ያንን ሲያይ ነው የሚፈነዳው።

መጨረሻው። ካባው ለክፉው ይድረሰው። ሕዝቡ ያጨበጭብለታል፣ እሱ ግን ካባው እየጠለፈው ፉከራው አልወጣ ይለዋል። ልጅቷም በራሷ ባትሪ መንገዷን እያበራች ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

አንድ የዝግጅት ጉዳይ፦ ማሲንቆው ያለ ማይክ እስከ የት እንደሚሰማ በልምምድ ጊዜ አረጋግጡ፣ ሻማና ክብሪትም ከመድረኩ ጀርባ ይኑር። እኛ ባሳየንበት ማታ ክፉው ወደ ማሽኑ ገና ሲራመድ መብራቱ እውነትም ሄደ። በጨለማው ውስጥ የተዋናዩ ድምፅ ተሰማ፦ «ኧረ እኔ ገና አልነካሁትም!»