ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከተደረገ በኋላ ስጋትን እንዴት መመዘን ይቻላል?

መጀመሪያ ሰዓቱን ይጻፉ። ግንኙነቱ ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ከነበረ 72 ሰዓቱ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ያልቃል። ፔፕ የሚባለው የኤችአይቪ መከላከያ ከዚያ በኋላ አይጀመርም፤ ቀድሞ በተጀመረ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። «ሰኞ እሄዳለሁ» አይበሉ። ባሕር ዳር ያለ ሰው እሑድም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ይጠይቅ። ከዘጌ ወይም ከጣና ደሴቶች የሚመጣ ደግሞ ጀልባ የሚጠብቅበትንም ሰዓት ይቁጠር። የተጀመረው መድኃኒት 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል፤ ፀበል የሚገቡም ቢሆኑ አያቋርጡት።

ከዚያ የሆነውን ያስቡ። በፊንጢጣ የተደረገ ግንኙነት፣ መድማት፣ ብልት ላይ ያለ ቁስል ስጋቱን ከፍ ያደርጋሉ። ከመርጨት በፊት ማውጣት አያድንም። ጓደኛዎ ኤችአይቪ በደሙ ቢኖርም መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ጨብጥና ቂጥኝ ግን ይተላለፋሉ። «ጤነኛ ይመስላል» ማስረጃ አይደለም፤ አብሮ መመርመር ይሻላል። በግድ የተፈጸመ ከሆነ ሳይታጠቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

እርግዝና የሚያሰጋ ከሆነ ፖስት ፒል በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የመዳብ መከላከያ) እስከ 5 ቀን ድረስ ይገባል። ፖስት ፒል ከበሽታ አይከላከልም።

በመጀመሪያው ቀን የሚደረግ የኤችአይቪ ምርመራ የሚነግረው የቀድሞውን ሁኔታ ብቻ ነው። በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል፤ ፔፕ የወሰደ ሰው የድጋሚ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ለጨብጥና ክላሚዲያ ለሚባለው የአባላዘር በሽታ ምርመራ 2 ሳምንት ያህል ይጠበቃል፤ ከብልት ፈሳሽ ከወጣ ወይም ሽንት ሲሸኑ ካቃጠለ ግን ሳይጠብቁ ይሂዱ። ሴቶች ላይ ጨብጥ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። የቂጥኝ ቁስል በአማካይ በ3 ሳምንት ይወጣል፣ አያምም፣ ሳይታከም ራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፦ ቁስሉ ጠፋ እንጂ በሽታው ደም ውስጥ አለ። የቂጥኝ የደም ምርመራም በ3 ወር ይደገም። ስለ ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት በሽታ) ክትባትም ይጠይቁ።

ትልቁ ስህተት ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ጨብጥን ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ጨብጥ ተላምዶታል። ጓደኛዎ ካልታከመ ደግሞ የዳነው ሰው መልሶ ይያዛል።

የ3 ወሩ ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ደም አይለግሱ። የሚያጠቡ እናት ከሆኑ ይህንን ለሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ።