የጡት ካንሰር ባዮፕሲ ውጤት ሲመጣ ምን ላይ እናተኩር?

የባዮፕሲው፣ ማለትም ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረው ናሙና ውጤት ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ሁሉም ሰው ቶሎ የሚፈልገው ዕጢው ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነና ደረጃው ስንት እንደሆነ ነው። እሱም ያስፈልጋል። ግን ወደ ታች ውረዱ። ኢአር (ER)፣ ፒአር (PR) እና ኸር ቱ (HER2) የሚባሉትን ሦስቱን የካንሰሩ ሴሎች ምርመራዎች ፈልጉ። ሕመምተኛዋ ወደፊት እንዴት ልትሆን እንደምትችልና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት ብዙ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ከሌሉ፣ ሕክምናው ሳይጀመር ሐኪሙን ጠይቁ፤ አትፈሩ።

ኢአር እና ፒአር ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ያሳያሉ። ከካንሰሩ ሴሎች 1 በመቶው እንኳ ላብራቶሪው ለምርመራው የሚጠቀምበትን ቀለም ከያዘ ኢአር ፖዘቲቭ ይባላል። ብዙ ሰው ፖዘቲቭ ሲባል ይደነግጣል፤ እዚህ ጋ ግን ደህና ዜና ነው፣ ምክንያቱም ታሞክሲፈን የሚባለው ክኒን ለ5 ዓመት ሳይቋረጥ ከተወሰደ በካንሰሩ የመሞትን አደጋ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ፖዘቲቭ የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠይቁ። ከ1 እስከ 10 በመቶ ከሆነ የሆርሞን መድኃኒቱ ጥቅም እንደሌሎቹ እርግጠኛ አይደለም። ደግሞ ኢአር ፖዘቲቭ ካንሰር ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ 5 ዓመት አለፈ ብሎ ክትትል ማቆም የለም።

ኸር ቱ ሲበዛ ካንሰሩ ቶሎ እንዲያድግ የሚገፋ ፕሮቲን ነው፤ ውጤቱ በቁጥር ነው የሚመጣው። 0 እና 1 ፕላስ ነጌቲቭ፣ 3 ፕላስ ፖዘቲቭ። 2 ፕላስ ከሆነ መልሱ ገና አልተገኘም ማለት ነው፤ ፊሽ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ድሮ ኸር ቱ ፖዘቲቭ መሆን በጣም ያስፈራ ነበር። ኸር ቱን ለይቶ የሚያጠቃው ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት በ1998 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ችግሩ ዋጋው ነው።

ሦስቱም ነጌቲቭ ከሆኑ ትሪፕል ነጌቲቭ ይባላል። ፈጣን ነው፤ ከተመለሰም ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ኬሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተሰጥቶ በወጣው ሥጋ ውስጥ ካንሰር ካልተገኘ ግን ተስፋው በጣም ከፍ ይላል። እና እባካችሁ፣ አፍሪካዊት ስለሆነች ትሪፕል ነጌቲቭ ነው ብላችሁ ሳይመረመር አትደምድሙ። አዲስ አበባ በተሠራ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢአር ፖዘቲቭ ነበሩ፤ ሳይመረመሩ ቀርተው ያን ክኒን ማጣት ያንገበግባል።

አሁን ቤተሰብ በእጁ ሊያስተካክለው ወደሚችለው ነገር እንምጣ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ናሙናውን በብልቃጥ ይዞ ወደ ላብራቶሪ የሚሮጠው አስታማሚ ነው። የወጣው ሥጋ 1 ሰዓት ሳይሞላው ፎርማሊን በሚባለው፣ ናሙናው እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ ውኃ ወይም አልኮል አይሆንም። ፎርማሊኑ ሥጋውን አጥለቅልቆ ይሸፍን፣ ብልቃጡ ላይ የወጣበት ሰዓት ይጻፍ፣ እዚያ ውስጥ የሚቆየውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ከዘገየ ወይ ቤት ካደረ ኢአር ፖዘቲቭ የነበረው ነጌቲቭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ሕክምናው ሁሉ አቅጣጫውን ይስታል። ናሙናው በቀጭን መርፌ ብቻ ከተወሰደም ለነዚህ ምርመራዎች ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ።

ኪ 67 የሚባል ቁጥርም ታዩ ይሆናል። ሴሎቹ ምን ያህል እየተባዙ እንደሆነ ይናገራል። 5 በመቶና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው፤ መሀል ላይ ያለው ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ስለሚለያይ ብዙ አትጨነቁበት። ሲኤ 15-3 የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ እነዚህን አይተካም፣ ለሱ ብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

ሥጋው በሰም ተይዞ የተቀመጠበትን ብሎክ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ሌላ ላብራቶሪ ቢያስፈልግ የሚላከው እሱ ነው። ካንሰሩ ከተመለሰም ከተቻለ እንደገና ናሙና ይወሰድ፣ ኢአርም ኸር ቱም ሊለወጡ ይችላሉ።